የገዢው ትዕግሥትና የመልእክት ልክ

(በኮምቦልቻ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)





የማኅበራችን የሥራ አመራር ኮሚቴ ስለ ሽያጭና ስለ ማስታወቂያ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ርእሱ ለመሐንዲሶች ጉባኤ ይስማማል ወይ የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ ባልደረቦቼ ዘንድ ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው አላግባብ የተነሣ አይደለም። የእኛ ድርሻ ዕቃውን መሥራት ነው፣ ዕቃው የሚሸጥበት ቃል ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው የሚል አስተሳሰብ በሙያችን ውስጥ ሥር ሰዷልና። ይሁን እንጂ አንድ ዕቃ ከፋብሪካ ወጥቶ በገዢው እጅ እስኪገባ፣ ከገባም በኋላ የተገዛበትን ሥራ በሚገባ እስኪሠራ ድረስ ያለውን ጉዞ ለሚከታተል ሰው፣ ስለ ዕቃው የተነገረው ቃል የዕቃው አንድ ክፍል መሆኑ ይገለጥለታል። ቃሉ ከጎደለ ዕቃው እንደ ጎደለ ይቆጠራል።

ዛሬ በሽያጭ ሥራ ከተሰማሩት ሰዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ትእዛዝ አለ፤ ይኸውም «አሳጥሩት» የሚል ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ የሰው ትኩረት አጥሯል፣ ከእንግዲህ ረጅም ነገር የሚያነብና የሚያዳምጥ የለም የሚል መልስ ይሰጣል። እኔ በዚህ ንግግር ላስረዳ የምፈልገው፣ የመልእክት ርዝመት መወሰን ያለበት በሁለት ነገሮች እንደ ሆነ ነው። አንደኛው መልእክቱ የሚያልፍበት መንገድ ጥበት ነው። ሁለተኛው ገዢው የሚወስነው ውሳኔ ክብደት ነው። የገዢው አእምሮ ደክሟል የሚለው ሦስተኛ ምክንያት ግን፣ ብዙ የሚነገርለትን ያህል ማስረጃ የለውም።

ሀ. ስለ ዓሣዋ ወሬ

እ.ኤ.አ. በ2015 የማይክሮሶፍት ኩባንያ የካናዳ ክፍል ለአስተዋዋቂዎች ባሰራጨው ዘገባ፣ የሰው ልጅ የትኩረት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓመት 12 ሴኮንድ የነበረ ሲሆን በ2013 ወደ 8 ሴኮንድ መውረዱን ገለጸ። ወርቃማ ዓሣ የምትባለዋ የቤት ዓሣ እንኳ 9 ሴኮንድ ስላላት፣ ሰው ከዓሣ አነሰ ተብሎ ወሬው ዓለምን ዞረ። በጋዜጣ ተጻፈ፤ በስብሰባ ተጠቀሰ፤ በማስታወቂያ ድርጅቶችም ዘንድ እንደ ሕግ ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ2017 የቢቢሲ ጋዜጠኛ የቁጥሮቹን ምንጭ ተከታትሎ ወደ ሥሩ ሲወርድ ግን፣ ቁጥሮቹን የሚደግፍ ጥናት ሊያገኝ አልቻለም።

እኛ መሐንዲሶች አንድ መለኪያ በቀረበልን ጊዜ በምን መሣሪያ ተለካ፣ ማን ላይ ተለካ፣ የተለካው ሰው ምን በመሥራት ላይ ነበር ብለን መጠየቅ ልማዳችን ነው። አንድ ሰው መርፌ ሲያገባ ያለው ትኩረትና ሬዲዮ ከፍቶ ወጥ ሲሠራ ያለው ትኩረት አንድ አይደለም። ስለዚህ «የሰው ትኩረት ይህን ያህል ሴኮንድ ነው» ማለት፣ «የብረት ጥንካሬ ይህን ያህል ነው» ብሎ የብረቱን ዓይነት እንዳለመናገር ይቆጠራል።

ይህን ስል ምንም የተለወጠ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኧርቫይን ምሁር የሆኑት ግሎሪያ ማርክ፣ ሰዎች በኮምፒዩተር ሲሠሩ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሳይሻገሩ የሚቆዩበትን ጊዜ ለብዙ ዓመታት ለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 አማካዩ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ወደ 47 ሴኮንድ ወርዷል። ይህ እውነተኛ ልኬት ነው። ነገር ግን የተለካው ሰዎች ገጽ የሚለዋውጡበት ፍጥነት ነው፤ ያሻቸውን ነገር ለመከታተል ያላቸው ችሎታ አልተለካም። ኢኮኖሚስቱ ኸርበርት ሳይመን ገና እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳመለከቱት፣ መረጃ በበዛ መጠን ትኩረት የሚባለው ሀብት እየተወደደ ይሄዳል። የተወደደ ሀብት ያለው ሰው ቆጥቦ ያወጣዋል እንጂ ሀብቱ ጠፋበት አይባልም።

አባቶቻችን «ነገር ሲበዛ በአህያ አይጫንም» ይላሉ። ተረቱን ልብ ብለን ብናዳምጠው አህያዋ ደከመች አይልም፤ የሚናገረው ስለ ጭነቱ ነው።

ለ. የመንገዱ ጥበት

ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ዳገት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ መንገደኛ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተተከሉ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ያያል። ተሽከርካሪው ሜዳውን ይዞ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ያልፋል። ሰሌዳው ከ100 ሜትር ርቀት ጀምሮ የሚነበብ ቢሆን፣ መንገደኛው ያለው ጊዜ 6 ሴኮንድ ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ለሚጻፉ የመንገድ ምልክቶች ከሚሠራባቸው ግምቶች አንዱ ለየ10 ሜትሩ ርቀት 25 ሚሊ ሜትር የፊደል ቁመት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለ100 ሜትር 25 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያስፈልጋል። የእኛ ፊደል ደግሞ «በ»ን ከ«ቡ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ስለ ሆነ፣ ከዚህም ከፍ ያለ ቁመት ቢሰጠው ይመረጣል። በ6 ሴኮንድና በዚህ ቁመት አንድ ሰሌዳ ላይ ከጥቂት ቃላት በላይ ማስፈር አይቻልም። ሰሌዳ አጭር ይሁን ስንል የምንናገረው ስለ ፍጥነትና ስለ ርቀት ነው፤ ስለ መንገደኛው አእምሮ የተናገርነው ነገር የለም።

የእጅ ስልክ አጭር መልእክትም እንደዚሁ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ፍሪድሄልም ሂለብራንድ እ.ኤ.አ. በ1985 የመልእክቱን ልክ ለመወሰን በጽሕፈት መኪና ልዩ ልዩ ዓረፍተ ነገሮች እየጻፉ ፊደላቸውን ቆጠሩ፤ አብዛኞቹ ከ160 የማያልፉ ሆኑ። በመጨረሻ ለአንድ መልእክት 140 ባይት፣ ማለትም 1,120 ቢት ተመደበለት። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚላክ 160 ፊደል ይገባበታል። የእኛ ፊደል ግን በ16 ቢት ስለሚላክ ክፍት ቦታውና ነጥቡ ተቆጥሮ 70 ብቻ ይገባበታል። እርግጥ አንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድነት ስለሚይዝ፣ 70ው እንደሚመስለው ጠባብ አይደለም። ይህም ቢሆን የሽቦና የሞገድ ልክ ነው፤ የሰው ልክ አይደለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን እዚህ ላይ ነው፤ ሰሌዳው ያስገደዳቸውን እጥረት ወስደው በካርቶኑ ላይ፣ በመመሪያው ደብተርና በሻጩ አንደበት ላይ ይጭኑታል። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ግን ስድስቱ ሴኮንድም ሆነ ሰባው ፊደል የሉም።

ሐ. የሕዝባችን ጆሮ

ወሎ ትዕግሥት ያለው ጆሮ የሚታወቅበት አገር ነው። መንዙማ በዱዓ ሥፍራ ሌሊቱን ሙሉ ይዜማል፤ አድማጩም ተቀባይ ሆኖ አብሮ ያነጋል። ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ አንድ ወሬ ከሥሩ እስከ ጫፉ ይወራል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ ያን የሚያህል ወፍራም መጽሐፍ ሕዝቡ ሳይሰለች አዳምጦታል፤ ዛሬም አሳጥሩ የሚባልለት ያው ትውልድ በስልኩ ከፍቶ ይሰማዋል። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ሥራው በጠቅላላው ረጅም ነው፤ የሚቀርበው ግን በክፍል በክፍል ነው። አድማጩ በአንድ ጊዜ የሚሸከመውን ያህል ይሰጠዋል፤ ከታሪኩ ግን አይቀነስበትም።

ወደ ገበያው ስንመጣም ነገሩ ያው ነው። ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ባቲ ሰኞ ሰኞ የሚቆመውን ገበያ የማያውቅ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እዚያ በርበሬ የሚገዛ ሰው ቆንጥሮ አሽትቶ ዋጋ ጠይቆ ይሄዳል። በሬ የሚገዛው ግን ጥርሱን ያያል፤ ሰኮናውን ያነሣል፤ አስነሥቶ ያስኬደዋል፤ ከየት እንደ መጣና ቀንበር እንደ ለመደ ይጠይቃል፤ የሻጩን መልስ በአጠገቡ ከቆመው ሰው መልስ ጋር ያስተያያል። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ቢፈጅ አሳጥሩልኝ አይልም። በርበሬውንና በሬውን የሚገዛው ግን አንድ ሰው ነው። የትኩረቱን ርዝመት የለወጠው ከውሳኔው ጋር አብሮ የሚመጣው ጉዳት መጠን ነው።

መ. የውሳኔው ክብደት

ይህን በከተማችን ዕቃዎች ላይ እንየው። ኮምቦልቻ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ቢራ ይጠመቅባታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ እስከ ከለከለበት ጊዜ ድረስ የቢራ ማስታወቂያ በአንድ ዜማና በአንድ ስም ያልቅ ነበር። ከሽያጭ አንጻር ብቻ ለሚመለከተው ሰው ያ እጥረት ጉድለት አልነበረም፤ ያልጣመው ጠጪ በማግሥቱ ሌላ ያዛልና። የአልጋ ልብስም ቢሆን ገዢው በጣቱ ዳስሶ ስለሚያውቀው ብዙ ቃል አይፈልግም።

የቤት ክዳን ቆርቆሮ ግን ሌላ ነው። ቆርቆሮ የሚሸጠው በጌጅ ቁጥር ነው። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው፣ ባለ 32 ጌጁ 0.25 ያህል ብቻ ነው፤ ማለትም ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይሳሳል። ከልጅነቱ ጀምሮ ቁጥር ሲጨምር መጠን እንደሚጨምር የተማረ ገዢ፣ 32ቱ ከ28ቱ ይበልጣል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በሰሌዳው ላይ «ጥራት» የሚል ቃል በትልቁ ይጻፋል፤ «ቁጥሩ ሲበዛ ውፍረቱ ያንሳል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን የትም አይጻፍም። በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን በደረሰው ጦርነት ምክንያት ቤቱን ዳግመኛ ለመክደን የተገደደ ቤተሰብ፣ ስለዚህ ነገር አራት ቃል ባለመነገሩ ሦስተኛ ጊዜ ለመክደን ቢገደድ፣ ጥፋቱን በገዢው ትዕግሥት ማጣት ላይ ልናሳብብ አንችልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የውኃ ፓምፕ ጉዳይ ነው። በቦርከና ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ለሚያለማ ገበሬ ፓምፕ ከበሬ ያላነሰ ንብረት ነው። በገበያ ላይ በምናያቸው ካርቶኖች ላይ ፓምፑ ውኃ ከ7 ወይም ከ8 ሜትር ጥልቀት እንደሚስብ ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። እንደምታውቁት ፓምፕ በእውነቱ ውኃ አይጎትትም፤ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ሲያወጣ የውጪው አየር ክብደት ውኃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ክብደት በባሕር ጠለል ላይ ውኃውን እስከ 10.3 ሜትር ሊያቆም ይችላል። ከባሕር ጠለል 1,850 ሜትር ያህል ከፍ በምትለው ኮምቦልቻ ግን ከ8.3 ሜትር አያልፍም፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደሴ ደግሞ ወደ 7.6 ይወርዳል። ይህ ምንም ብክነት የሌለበት የሐሳብ ልክ ነው። በካርቶኑ ላይ 8 ተብሎ የተጻፈው ኮምቦልቻ ሲደርስ 6 ያህል ይሆናል፤ የቱቦው ርዝመትና ጥበት ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። የቤንዚን ሞተሩም በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከኃይሉ 3 ከመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ እዚህ የሚደርሰው ከስድስት እጅ አንዱን ጥሎ ነው።

እንግዲህ ገበሬው በሬውን ሸጦ ፓምፕ ይገዛል፤ 8 ሜትር የሚለውን አምኖ ከወንዙ ገጽ 7 ሜትር ከፍ ባለ ደልዳላ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ውኃ ግን አይመጣም። ሻጩ «አጠቃቀም አታውቅም» ይለዋል፤ እሱም «የተበላሸ ዕቃ ሸጠህልኝ» ይለዋል። በዚህ መካከል ችግኙ ይደርቃል። ፓምፑ ደኅና ነው፤ ገበሬውም ደኅና ነው። የጎደለችው ካርቶኑ ሲታተም ቦታ ትይዛለች ተብላ የተተወችው የከፍታዋ ዓረፍተ ነገር ናት።

ይህችን ዓረፍተ ነገር እንሞክራት። «ኮምቦልቻ ላይ ፓምፑን ከውኃው ገጽ ከ6 ሜትር በላይ ከፍ አድርገው አያስቀምጡት።» ክፍት ቦታውንና አራት ነጥቡን ጨምረን ብንቆጥራት 50 ናት። በአንድ አጭር የስልክ መልእክት ገብታ 20 ቦታ ይተርፋታል። ስለዚህ የእጥረት ክርክር እዚህ ላይ ፈጽሞ አይሠራም። የጎደለው ቦታ አልነበረም፤ የጎደለው ገዢው ምን ሊያጋጥመው እንደሚችል አስቀድሞ ያሰበለት ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ መሐንዲስ መሆን ነበረበት።

ሠ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሕጉ በዚህ ረገድ አቋሙን ገልጿል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ማንኛውም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ሕግ አውጪው «አጭር» ወይም «ረጅም» አላለም፤ «በቂ» አለ። ለእኛ ሙያ ደግሞ «በቂ» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። የምሰሶ ውፍረት ስንወስን በቂውን እንፈልጋለን፤ ከዚያ ቢያንስ ይወድቃል፣ ቢበዛም ብክነት ነው።

የሽያጭ ባለሙያዎች ግን አንድ ተገቢ መልስ አላቸው። ረጅም ጽሑፍ ያየ ገዢ ይሸሻል፤ የእኛ ዕቃ ዝርዝር ሲያወራ የተፎካካሪው ዕቃ በአንድ ቃል ይሸጣል ይላሉ። በመጀመሪያው እይታ ላይ ይህ እውነት ነው፤ ልንክደው አይገባም። እኛ መሐንዲሶች የምናዘጋጀው መመሪያም ብዙ ጊዜ የሚረዝመው ገዢውን ለማገዝ ሳይሆን፣ ኋላ «አልተነገረኝም» እንዳይባል ነው። እንዲህ ያለውን ደብተር ያላነበበ ሰው ሊወቀስ አይገባም። ይሁን እንጂ በገጠራችን የአንድ ዕቃ ስም የሚወጣው ወይም የሚወድቀው በቡና ላይ በሚነገር ወሬ ነው። በአንድ ቃል የተሸጠ ፓምፕ ውኃ ባላወጣ ጊዜ የሚወራው ወሬ አጭር አይሆንም።

በዚህ ጉዳይ አርአያ የሚሆነን ምሳሌ ከዚሁ ከአገራችን አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የክተት አዋጅ በአንድ ትንፋሽ ሊነበብ የሚችል ነው። በዚያች አጭር ቃል ውስጥ ግን ጠላት ስለ መምጣቱ፣ ጉልበት ያለው ምን እንደሚያደርግ፣ ጉልበት የሌለውም በምን እንደሚረዳ፣ የቀረ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ተነግሯል፤ በመጨረሻም የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ እንዲገኝ ቦታውና ቀኑ ተቆርጦለታል። ወረኢሉ ከዚህ ከደቡብ ወሎ ነው። ቀልብ የሚሰበስበው ነጋሪት ነው፤ ነጋሪቱ ሲያበቃ ግን ሰሚው ሊያደርግ የሚገባውን ሁሉ ያውቃል። የቦታውና የቀኑ ዓረፍተ ነገር ለማሳጠር ሲባል ቢወጣ ኖሮ አዋጁ ያጥር ነበር፤ ሠራዊቱ ግን አይሰበሰብም ነበር። የዛሬው ማስታወቂያችን ነጋሪቱን አጥብቆ ይመታል፤ ወረኢሉን ግን ይረሳል።

ስለሆነም ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማንኛውም ዕቃ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት «ገዢው ይህን ካላወቀ ዕቃው አይሠራለትም» የምትባለውን ዓረፍተ ነገር መሐንዲሱ ራሱ ይጻፋት። ይህች ዓረፍተ ነገር በማንኛውም ማሳጠር የማትነካ ትሁን፤ ቦታ ሲጠብ ሥዕሉና ውዳሴው ይቀነሱ እንጂ እሷ አትቀነስ።

ሁለተኛ፣ መልእክቱን እንደ ትረካው በክፍል እናድርገው። ሰሌዳው ስሙን ይናገር፤ ካርቶኑ አይነኬዋን ዓረፍተ ነገር ይያዝ፤ በውስጡ ያለው ወረቀት አተካከሉን ያሳይ፤ ደብተሩ ጥገናውን ይግለጽ። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ለአንድ እውነተኛ ገዢ ተነቦለት በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲነግረን እንጠይቀው። መልሶ መናገር ካልቻለ የሚታረመው ጽሑፉ ነው። ማንበብ ለማይችለውም በስልክ በድምፅ ሊነገረው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ማኅበራችን በወሎ ዩኒቨርሲቲ ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር በመተባበር፣ የፓምፕና የሞተር አቅም በከፍታ ምክንያት ስንት እንደሚቀንስ ለየከተማው የሚያሳይ ሰንጠረዥ በአንድ ገጽ ያዘጋጅ፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞም ታትሞ በየመደብሩ ይለጠፍ። ስሌቱ ለአንድ ተማሪ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ጥቅሙ ግን በቦርከና ዳር ካለው ማሳ ጀምሮ ይታያል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ገዢው ትኩረት አጥቷል የምንለው ብዙ ጊዜ እኛ ስለ እሱ ማሰብ ባቆምን ጊዜ ነው። በባቲ ገበያ የበሬ ጥርስ ሲመረምር የሚውል ሰው፣ ንብረቱን የሚጠብቅለት ቃል ብናቀርብለት ለማዳመጥ ጊዜ አያጣም።